ከሾላው ሥር ያለው ድንጋይ

አንድ በመስኖ በርበሬ የሚያለማ ገበሬ ነበር፤ ስሙ አላምረው ይባላል። ከወንዝ የተጠለፈውን ውሃ ከጎረቤቱ ከጥጋቡ ጋር በተራ ይካፈላል። ማክሰኞና ዓርብ የአላምረው ነው፤ ሰኞና ሐሙስ የጥጋቡ። ጥጋቡ ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ የአላምረውን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ ነው።

በዚያ በጋ የአላምረው በርበሬ ይጠወልግ ጀመር። «ውሃዬን እየሰረቀኝ ነው» አለ በልቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍት አጣ። ምግብ ሲቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ ይነሳል። ጥጋቡ ፈገግ ብሎ ሰላም ሲለው «ምን ደብቆ ነው የሚስቀው?» ይላል፤ ዝም ብሎ ሲያልፍ ደግሞ «ዓይኔን ማየት አቃተው» ይላል። ተራው በደረሰ ቀን ውሃውን ወደ ማሳው ይለቅና፣ ሽቅብ ቦዩ ወደሚከፈልበት ወጥቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ጥጋቡን ሲጠብቅ ይውላል። ጥጋቡ አይመጣም። አለመምጣቱ ይባስ አናደደው። «ዞር ስል ነው የሚመጣው» አለ።

ትሁን የምትባለው ሚስቱ ታዝባ ታዝባ አንድ ቀን፣ «አንተ ሰውዬ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። ያንተን ማሳ ማን ይይልህ?» አለችው። አልሰማትም።

አንድ ዓርብ ጠዋት ውሃውን እንደ ልማዱ ለቀቀና ወደ ውሃ አባቱ ወደ አያ ደስታው ሄዶ ጥጋቡን ከሰሰ። እሳቸው የመስኖውን ተራ ሠላሳ ዓመት የዳኙ ሽማግሌ ናቸው። የቦዩ ሕግ ጨካኝ ነው፤ ውሃ የሰረቀ ሰው ክረምት እስኪገባ ተራውን ይነጠቃል። በበጋ ተራ የተነጠቀ ገበሬ ደግሞ ማሳው ዓይኑ እያየ ይደርቃል። ጥጋቡ ተጠርቶ ቦዩ ዳር ቆመ።

«ይማልልኝ» አለ አላምረው።

«እምላለሁ» አለ ጥጋቡ። «ግን አበልጄ፣ እኔን?»

አያ ደስታው እጃቸውን አነሱ። «መሐላው ይቆይ። አላምረው፣ እንዴት አድርጎ ነው የሚሰርቅህ?»

አላምረው ሲያብሰለስለው የሰነበተውን ዘረገፈው። «ቦዩ ለሁለት ከሚከፈልበት ከሾላው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እሱን ያነሳና ውሃውን ወደ ራሱ ቦይ ያሳልፋል። ድምፅ እንዳያሰማ ሣር ይጎዘጉዝበታል። ሲጨርስ ድንጋዩን መልሶ በጭቃ ይመርገዋል። ማንም አያውቅበትም።»

«ሲያደርግ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት እዚህ ቦይ ላይ ስመላለስ ይህን መንገድ አላውቀውም» አሉ ሽማግሌው። «አንተ ከየት አወቅኸው?»

አያ ደስታው ድንጋዩን አስነሱ። ከሥሩ ሣር ወጣ፤ ከከረመ ብዛት የበሰበሰ ሣር። ጥጋቡ ሣሩን ብዙ አየው። «አምና እናቴን ልቀብር ስሄድ፣ ተራዬን አደራ ያልኩት ላንተ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ ነኝ» አለ አላምረው። «አንድ ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንተም የምታደርግብኝ እየመሰለኝ ሰላም አጣሁ።»

«ዛሬስ ተራህ አይደለም እንዴ?» አሉ አያ ደስታው። «ውሃህን ማን እየመራልህ ነው?»

ሦስቱም ቁልቁል ተመለከቱ። ውሃው መደቦቹን ሳያዳርስ በአንዱ ትልም ብቻ ቀጥ ብሎ ወርዶ ገደል ይገባል። በግራና በቀኝ በርበሬው ደርቋል። ለካ በዚያ በጋ ውሃ የሰረቀ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው ወደ ጥጋቡ ዞሩ፤ ሕጉ ይፈጸም ብሎ የመጠየቅ መብቱ የእሱ ነው። ጥጋቡ ግን አላምረውን አየና፣ «የኔና ያንተ ነገር ነገ ይደርሳል» አለው። «አሁን ሂድና ውሃህን ምራ።»

አላምረው ዶማውን ይዞ ቁልቁል ሮጠ። ያን ቀን እስኪመሽ አንድ ጊዜም ቀና ብሎ ወደ ላይ አላየም።

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም» ይባላል። የምንጠረጥረው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ሌባም በአገሩ አለ። ነገር ግን ለራሳችን ልንናዘዘው ያፈርነው ጥፋት ተቀብሮ አይቀርም፤ የጎረቤታችንን ፊት ለብሶ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ እሱን ስንጠብቅ የገዛ ማሳችን ይደርቃል። ከዚህ የሚያወጣን የሽማግሌው ጥያቄ ነው፤ ሌላ ሰው ሳይጠይቀን ራሳችንን ብንጠይቀው ደግሞ እፍረቱ ይቀልላል።

እናንተስ፣ ሳታዩት እንዲህ አጥርታችሁ የምታውቁት የዚያን ሰው ክፋት ከየት አወቃችሁት?