ጾም የበላው ጎተራ

ቀረብ በሉ፣ መንሾካሾኩን ተዉና ስሙኝ። ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አያ መንበሩ የሚባል ገበሬ ነበር። ጾመኛ ነው። ሰው ስለ ጾሙ ሲያወራለት ሰምቶ የማይጠግብ ጾመኛ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ምሳውን ተወ። የንስሐ አባቱም፣ «ልጄ፣ የተውካት ምሳ የድሃ ናት» አሉት። እሺ አለ፤ እሺ ማለት ምን ይከብዳል። የየቀኑን የምሳ ገብስ ግን እየሰፈረ ጎተራው ውስጥ ገለበጠው። «ለፋሲካ አገር እያየ በአንድ ጊዜ እሰጠዋለሁ» ብሎ አሰበ። ማታ ማታም ከጎተራው አጠገብ እየሰገደ፣ «ጌታ ሆይ፣ ጾሜን ተቀበል» ይላል።

ጎተራው ይህን ይሰማና ይጨነቃል። «እንዴት አድርጎ ይቀበለው? ጾሙ ያለው እኔ ሆድ ውስጥ ነው» ይላል።

ከአጥሩ ማዶ ባሏ የሞተባት ስንዱ ከአንዲት ልጇ ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን ጎተራው፣ «ጌታዬ፣ የስንዱ ልጅ ርቧት ታለቅሳለች። ምሳህን ላክላት» አለው።

«ፋሲካ ይድረስ» አለ አያ መንበሩ።

ሰነበተና፣ «ጌታዬ፣ ልጅቷ ማልቀስ አቅቷት ታቃስታለች» አለው።

«ፋሲካ ይድረስ አልኩህ እኮ!»

ደግሞ ሰነበተና፣ «ጌታዬ፣ ልጅቷ ዝም አለች» አለው።

«ተመስገን፤ እንግዲያ ረግቼ እጸልያለሁ» አለና መቋሚያውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

ጎተራው አለቀሰ። ከሥሩ የምትኖረው አይጥ፣ ወፍራ መራመድ አቅቷት፣ «ምን ያስለቅስሃል? እንዲህ ያለውን ጾመኛ ያብዛልን እንጂ! እሱ ይጾማል፣ እኛ እንበላለን» አለችው።

ጎተራው አሰበ። የጭቃ ሆድ አንዴ ከተቀደደ እንደማይተርፍ ያውቃል። ቢሆንም፣ «እሜቴ አይጥ፣ ምርጡ ገብስ በአጥሩ በኩል ነው። እዚያ ጋ ቦርቡሪ» አላት።

አይጥ ቦረቦረች። «አያምህም እንዴ?»

«ያማል። ቦርቡሪ።»

ጎኑ ተሰነጠቀ፤ ተተረተረና ወደቀ። ገብሱ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ስንዱ ደጅ ፈሰሰ። ስንዱ እፍኝ አፍሳ ፈጨች፤ አጥሚት ሠርታ ለልጇ በጣቷ አቀመሰቻት።

አያ መንበሩ ሲመለስ ጎተራው ፈርሷል፣ ገብሱ ከማዶ ነው። «ሌባ!» ብሎ መቋሚያውን አንሥቶ ወደ አጥሩ ሮጠ። ያን ጊዜ ቀጭን ድምፅ ሰማ፤ «እማዬ፣ ጨምሪልኝ» የሚል። እጁ እንደተነሣ ቀረ።

ወደ ፍርስራሹ ዞሮ፣ «ምን አደረግኸኝ?» አለው።

«ጌታዬ፣ አንተ ስትጾም የበላሁት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ምሳዋን ለባለቤቷ አደረስኩልህ። አሁን ‹ጾሜን ተቀበል› ብለህ ስገድ» አለና ጎተራው ዳግመኛ አልተናገረም።

አያ መንበሩ ስብርባሪው ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ስለ ገብሱ ግን አልነበረም። አዲስ ጎተራ ሲያሠራም የእህል ማውጫውን በስንዱ አጥር በኩል አስደረገው።

ጎረቤት ያልደረሰ ጾም ሰማይም አይደርስ። እንግዲህ ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ለማበስ ግን አትቸኩሉ። መጀመሪያ ከአጥሩ ማዶ ማን ዝም እንዳለ አይታችሁ ኑ።