የአምስት ተራ ውሃ

አንድ ሰው ነበረ። ያመለጠውን የአምስት ተራ የመስኖ ውሃ በአንድ ቀን ማሳው ላይ ለቀቀው። የማሳው የአፈር ክትር ተሰበረ፤ ውሃው ሰውየውን ይዞት ሄደ።

ለአያልነሽ እንዲህ ብዬ ጀመርኩላት፤ ጥያቄ ስለጠየቀችኝ።

አያልነሽ አስተማሪ ናት። እኔ በጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ እሠራለሁ። ድባቴ ይዟት ከርሞ ነበርና አሚትሪፕቲሊን ታዘዘላት፤ ማታ ማታ ከመኝታ በፊት ሦስት ፍሬ። መጀመሪያ ላይ «አፌን ከማድረቅ በቀር ምንም አልሠራልኝም» እያለች ስትነጫነጭ ቆየች። ከአልጋ ስትነሳም ራሷን ያዞራት ነበር። «ቀስ ብለሽ ተነሺ፤ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጪ፤ ሳምንታት ይፈልጋል» እያልኩ አቆየኋት። በአምስተኛው ሳምንት መስኮቴ ላይ ስትስቅ አየኋት።

ከዚያ ፍልሰታ ደረሰ፤ ሱባኤ ገባች። አብረዋት የሄዱት ሴቶች ኪኒንና ጸበል አብሮ አይሆንም አሏት። መድኃኒቱን ቤቷ ትታ ሰባት ቀን ቆየች። ስትመለስ እንቅልፍ የለም፤ ያቅለሸልሻታል፤ ሰው ሲያናግራት ዕንባዋ ይመጣል።

መሀረብ ፈታ መስኮቱ ላይ ዘረጋች። ትንንሽ ቀያይ ፍሬዎች፤ ከረሜላ ይመስላሉ።

«ጋሼ፣ ሃያ አንድ ናቸው። ያመለጠኝ የሰባት ቀኑ ነው። ዛሬ ማታ አንድ ላይ ውጬ ወደ ነበርኩበት ልመለስ? ሰኞ የተማሪ ምዝገባ ይጀመራል፤ እንዲህ ሆኜ ወላጅ ፊት አልቆምም።»

«ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

«ጎረቤቴ። የቀረውን ካልሞላሽው አይሠራልሽም አለችኝ።»

«ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ዳቦ ትጋግራለች።»

«ዳቦዋ ጥሩ ነው?»

«ውይ፣ እሱስ በጣም ጥሩ ነው።»

«በይ ዳቦውን ግዢያት።»

አልሳቀችም። መሀረቡን ወደ ራሴ ሳብኩና መዳፌን ጫንኩበት። ሃያ ስምንት ዓመት እዚህ መስኮት ላይ ስቆም ይህን ታሪክ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስለ ወጣትነቴ አላወራም። የዚያን ቀን ግን እጄ ከመሀረቡ ላይ አልነሳም አለኝ።

ሰውየው ገበሬ ነበር፤ አልኳት። አገሩ ቆላ ነው። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ተራራው ላይ ነው። ታች ሜዳው ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐዩ እየነደደ፣ የደረቀው ወንዝ በድንገት ሞልቶ ይመጣል። ደራሽ ይሉታል። ሰዉ ደራሹን በቦይ እየጠለፈ ማሽላ ያበቅልበታል። እያንዳንዱ ማሳ ዙሪያውን የአፈር ክትር አለው፤ ውሃ የሚገባበት አንድ አፍም አለው፤ አፉ በድንጋይና በእሾህ ይዘጋል። ተራው የደረሰ ይከፍታል፤ ውሃው ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ይዘጋና ለቀጣዩ ያሳልፋል። ይህን የሚያዝዙ የውሃ ዳኛ አሉ፤ አገሩ ሁሉ የሚፈራቸው ቀጭን ሽማግሌ።

ገበሬው ታናሽ ወንድም ነበረው፤ የሃያ ዓመት ጎረምሳ። እናትና አባት የላቸውም። ያላቸው ያ ማሳ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ማሽላው ካልያዘ አገር ጥለው መሄድ ነበረባቸው።

በዚያው ክረምት ደጋ ያለች አክስታቸው ታመመችና ሁለቱም ሊያስታምሙ ሄዱ። ደግ ሥራ ነው፤ ማንም አልነቀፋቸውም። ሲመለሱ ግን አምስት ተራ አልፏቸዋል። የጎረቤት ማሽላ ጉልበት ደርሷል። የእነሱ መሬት እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል።

ገበሬው ወደ ዳኛው ሄደ። «አባባ፣ አምስት ተራዬን ይስጡኝ» አላቸው።

«የቱን አምስት?»

«ያለፈኝን ነዋ!»

«ያለፈህን ውሃ እኔ በእንስራ አስቀምጬልሃለሁ? ታች ወርዶ አሸዋ ጠጥቶታል።»

ዙሪያውን የቆመው ሰው ሳቀ። አንዱ ጎረቤት «ሂድና አሸዋውን ጭመቀው!» አለው። የገበሬው ፊት ጠቆረ።

ዳኛው አልሳቁም። «ስማኝ ልጄ፤ ማሳህ አሁን አምስት ተራ አይችልም። አንድ ሙሉ ተራም አይችልም። ክትሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። በሚመጣው ደራሽ ውሃው ቁርጭምጭሚትህ ጋ ሲደርስ ዝጋ። ስንጥቁ ይጠጣና ይደፈን። በሚቀጥለው ትንሽ ከፍ ታደርጋለህ። ጉልበትህ ጋ የምትደርሰው በአራተኛው ነው።»

«እስከዚያ ሰው ሲያጭድ እኔ ስንጥቅ ላጠጣ?»

«አዎ፣ ስንጥቅ አጠጣ። ከላይ ምንም አይታይህም፤ ከታች ግን መሬቱ ይመለሳል። ዘግይቶ የሚደርስ ዘር እኔ እሰጥሃለሁ።»

ጥሩ መልስ ነበር። ሰውየው ግን የጎረቤቱን ማሽላ እያየ ወደ ቤቱ ሄደ። ወንድማማቾቹ ተመካከሩ። ታላቁ አመንትቶ ነበር፤ የሽማግሌው ነገር ልቡ ገብቷል። «አፉን አስፍተን አምስቱንም በአንዴ እናስገባው» ያለው ታናሹ ነው። «ሽማግሌው ፈሪ ነው» ያለውም እሱ ነው።

«ታናሹን አልወደድኩትም» አለች አያልነሽ።

«እኔም አልወደውም» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደራሽ መጣ። አያልነሽ፣ ደራሽ ሲመጣ አይተሽ አታውቂም! መጀመሪያ ወፎቹ ከወንዙ ይነሳሉ። ከዚያ መሬቱ ከእግርሽ ሥር ያጉረመርማል። ከዚያ ላይኛው ሰው «ደራሽ!» ይላል፤ ቀጥሎ ያለው ይቀበለዋል፤ ጩኸቱ ከውሃው ቀድሞ ሜዳውን ያቋርጣል። ሰው ሁሉ ይሮጣል! ዶማ ያለው በዶማ፣ አካፋ ያለው በአካፋ፣ ሴቶቹ በእልልታ! ውሃው ግንድና አረፋ እየገፋ በወንዙ መታጠፊያ ብቅ ሲል ጎልማሳው ሁሉ እንደ ሕፃን ይዘላል። ይኸው ዛሬም ስናገረው ልቤ ይመታል።

የእነሱ ተራ ነበር። ወንድማማቾቹ አንድ ክንድ የነበረውን አፍ ቆፍረው አራት ክንድ አደረጉት። ውሃው እየዘለለ ገባ! ቁርጭምጭሚት ሆነ። ዳኛው ከማዶ «ዝጉ!» ብለው ጮኹ። ጉልበት ሆነ። «ዝጋ አንተ ሰው!» ጭን ሆነ። ታላቁ ክትሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ይስቃል፤ «ሞላ! ሞላልን!» ይላል። ታናሹ አካፋውን ሽቅብ እየወረወረ እየቀለበ ይጨፍራል። ማሳው ባሕር መሰለ። አምስት ተራ ውሃ፣ በአንድ ጊዜ፣ የእነሱ! ሁለቱም ከተወለዱ እንዲያ ተደስተው አያውቁም።

ከክትሩ ሥር፣ በአንዱ ስንጥቅ፣ ውሃ መውጣት ጀመረ። የጣት ያህል ነበር። ታናሹ አየው። ወንድሙን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ክትሩ ከታላቁ እግር ሥር ሄደ። ጩኸት እንኳ አልነበረም። ሰውየውም፣ አፈሩም፣ ውሃውም አንድ ላይ ወደ ወንዙ ወረዱ። በማግሥቱ ታች አሸዋው ላይ አገኙት።

ከአያልነሽ ኋላ የተሰለፈ አንድ ሰውዬ «መቼ ነው ተራ የሚደርሰን?» እያለ ሲያጉረመርም ነበር። ኮፍያውን አወለቀ።

«አያልነሽ» አልኳት፤ «ማሳው ገላሽ ነው። ክትሩ ልብሽ ነው። ይህ መድኃኒት በልኩ ሲገባ ያለመልማል። ሲበዛ የልብን አመታት ያዛባል፤ እንደዚያ ክትር፣ ሳይጮህ ይገድላል። ያለፈሽ ሰባት ማታ አልፏል፤ የትም የለም፤ አይሞላም። አንድ ማታ ብትረሺ እንኳ የሚቀጥለውን በሰዓቱ ትወስጃለሽ እንጂ አትደርቢም። አሁን ደግሞ ሰባት ቀን ደርቀሻል። በስንት ፍሬ እንደምትጀምሪ እኔ አልወስንም፤ ጎረቤትሽም አትወስንም። ያንቺ የውሃ ዳኛ ክፍል ስድስት ያለችው ሲስተር ናት። አሁኑኑ ሂጂ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ልኮኝ ነው በያት።»

«ጸበሉስ ጋሼ?»

«ጸበልሽን ጠጪ፤ ማታ ሲስተር የወሰነችልሽን መድኃኒት ውሰጂ። ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው፤ ለሲስተርም ንገሪያት፤ ሁለቱም ይወቁ። ማቆም ያለብሽ ቀን ሲመጣም ሲስተር በጥቂት በጥቂቱ ትቀንስልሻለች። በራስሽ ቀጥ አታድርጊው፤ ይኸው ምን እንዳደረገሽ አየሽ። የፍልሰታን በዓል ጠላ ደግሞ ለእንግዳ ተይው፤ ከዚህ ጋር አይሆንም።»

«እሺ።»

«ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሦስት።»

 መሀረቡ ውስጥ ያሉትን ቀያይ ፍሬዎች አየች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እነዚህ ሲስተር እስክትወስን እኔ ጋ ይቆያሉ» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒትሽን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን አስቀምጪ።»

እየሮጠች ሄደች። ኮሪደሩ መሀል ደርሳ ተመለሰች። ትንፋሽ አጥሯታል።

«ጋሼ! ታናሹስ? ታናሹ ምን ሆነ?»

«ክትሩን ብቻውን መልሶ ሠራው። በሚቀጥለው ደራሽ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሲደርስ ዘጋ። ሰው ሳቀበት፤ ዘጋ። በአራተኛው ጉልበቱ ጋ ደረሰ። ማሽላው እስኪይዝ ሦስት ዓመት ፈጀበት፤ ግን ያዘ።»

«እርስዎ ይህን ሁሉ እንዴት አወቁ?»

እጄን ከመሀረቡ ላይ አነሳሁ።

«ወንድሜ ክትሩ ላይ ነበር፤ አካፋው የእኔ እጅ ላይ ነበር» አልኳት። «እሱ ሄደ። የቀረሁት እኔ ነኝ።»