ለወንድሙ የሠራው ሳጥን

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የሬሳ ሳጥን መሥራት ነው።

በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ፣ ከቤቱ ጋር በተያያዘች የቆርቆሮ ክፍል፣ እሱ ጣውላውን ይልጋል፤ ባለቤቱ የሻረግ ጨርቁን ታለብሳለች፤ ልጃቸው ሐመልማል ፒካፗን ትነዳለች። በዙሪያው ባሉ አምስት የገጠር ቀበሌዎች ሰው ሲሞት የሚጠሩት እነሱን ነው። መንገዱ ጭቃ ቢሆንም ይደርሳሉ። ሳጥኑን አውርደው አይመለሱም፤ አብረው ይቀብራሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ።

ሰውየው ጌጡ ይባላል። ስንቱን ቤተሰብ ያጽናና ሰው ነው! ነገር ግን ከአንድ ሰው ጋር አይነጋገርም። ከማን ጋር? ከገዛ ታናሽ ወንድሙ ከደምሰው ጋር።

ምን አጣላቸው? ከአባታቸው የወረሱት ባሕር ዛፍ። አንድ ክረምት ጌጡ ጣውላ ቸገረውና ወንድሙን ሳይጠይቅ ቆረጠው። ደምሰው መጥቶ፣ "ምነው ጋሼ፣ መንገር እንኳ አቃተህ?" አለው።

"ታላቅህ ነኝ፤ አንተን አላስፈቅድም!" አለ ጌጡ።

በዚህች ቃል ተለያዩ። የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በመካከላቸው፣ ሰባት ዓመት!

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጌጡ እንጨት ገዝቶ ሲመለስ የሻረግ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። የሟች ቁመት ተለክቶ የሚላክበትን ገመድ ይዛለች።

"ከየት ነው?" አላት።

"ከደምሰው ቤት።"

"ማን ሞተ?"

"አላወቅሁም። መልእክተኛው 'ደምሰው ቤት ሰው ሞቷል፣ ቶሎ አድርሱ' ብሎኝ ሌላ ዘመድ ሊያረዳ ሮጠ።"

ጌጡ ገመዱን ዘረጋው። ረጅም ነው። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ቁመት ያለው ደምሰው ብቻ ነው።

"ደውልለት እንጂ!" አለችው።

ስልኩ በአምስት ቀበሌ ሰው ቁጥር የተሞላ ነው። የወንድሙ ግን የለም።

ምን ያድርግ? ሳጥኑን ሠራው። ሌላ ማን ይሥራው? እየላገ ጣውላውን ያናግር ጀመር። "ደሜ፣ ይቅር በለኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ይላል። ወገኖቼ፣ ሰባት ዓመት ለወንድም ያልወጣች ቃል ለእንጨት ወጣች! እንጨት ይቅር ይላል እንዴ?

ጭነው ሄዱ። ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ሰው ተሰብስቧል። ጌጡ ከመኪናው ወረደ። ይህን ጊዜ አንድ ረጅም ሰው ሳጥኑን ሊቀበል ከድንኳኑ ወጣ።

ደምሰው ነው።

"ጋሼ፣ መጣህ?"

"ደሜ! አለህ?"

"አለሁ እንጂ! ያረፉት የባለቤቴ አባት ናቸው። ልናስታምማቸው እኛ ዘንድ አምጥተናቸው ነበር።"

ጌጡ የወንድሙ አንገት ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አንዲት ለቀስተኛ ግራ ገብቷት፣ "ሽማግሌውን እንዲህ ይወዷቸው ነበር?" አለች አሉ።

"ሳልጠይቅህ ቆረጥኩት" አለ ጌጡ። "በድዬሃለሁ።"

ደምሰው ቆስሎ ኖሯላ! እሱም፣ "ይህን ብትለኝ ብዬ ስንት ቀን ጠብቄአለሁ። እኔም መምጣት እችል ነበር፤ ቤትህ አልጠፋኝም" አለው። "በል ና፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ።"

ሁለቱ ወንድማማቾች ሳጥኑን ተሸክመው ገቡ። ሽማግሌው በክብር ተቀበሩ። ጌጡ በዚያ ቀን ወደ ከተማ አልተመለሰም፤ ሦስቱንም ቀን ከወንድሙ ጎን ተቀምጦ ለቀስተኛ ተቀበለ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ?

እኛ ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ሞተ ሲባል ሥራ ጥለን እንሮጣለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ ደረት እንመታለን። በሕይወት ላለውስ? እስትንፋሱ ላልወጣውስ? ለእሱ መቼ ነው የምንሮጠው?

ጌጡ ያገኘውን ሁሉም ሰው አያገኝም። ስንቱ ነው በሳጥን ላይ ወድቆ "ይቅር በለኝ" እያለ የሚጮኸው! ማን ይመልስለት? እናንተ ያኮረፋችኋት እህት ግን ዛሬ ትሰማለች። ያኮረፋችሁት አባት ዛሬ መልስ መስጠት ይችላል። ይቆጣችሁ ይሆናል፤ ይቆጣ! መቆጣት የሚችለው በሕይወት ያለ ሰው ነው። እግዚአብሔር ዛሬን ጨምሮ የሰጠን ለምን ይመስላችኋል?

አሁን እንጸልያለን። ጸሎቱን ዛሬ አላስረዝምም፤ ከመካከላችሁ ቶሎ መሄድ ያለበት ሰው እንዳለ አውቃለሁ።