ያልረጠበው አሞሌ

ሆዳም ሰው ስናይ ቶሎ ብለን የምንወረውራት ተረት አለች። ብዙ ሰው ከገበታ የመጣች ይመስለዋል። የመጣችው ግን ከዓባይ በረሃ ነው፤ ታሪኳን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ይዘገንነኛል።

ድሮ የዳሞት ሲራራ ነጋዴዎች አሞሌ ጨው ጭነው ዓባይን ይሻገሩ ነበር። የሌላው አገር ነጋዴ ጨው ወንዙ ውስጥ ሟሙቶ ሲያልቅ የእነሱ በሰላም የሚገባው በአንድ ወግ ነበር። ማደሪያቸው ሲደርሱ የአገር ልጅ ሁሉ በአንድ ገበታ ይቀመጣል፤ አዲስ መላ ያገኘ ሰው መላውን ሳይናገር እጁን ወደ ምግቡ አይሰድም። አንዱ ጥልቀት የሌለው መሻገሪያ አገኘ፤ ሌላው የአህያ ጀርባ የማይልጥ ኮርቻ ሰፋ፤ በገበታው ተነገረና የሁሉም ሆነ። ሲሻገሩም ግማሹ ጨዉን በአናቱ ተሸክሞ ይገባል፣ ግማሹ ከዳር ሆኖ እየጮኸና ድንጋይ እየወረወረ አዞውን ያባርራል። ከዚያ ይለዋወጣሉ።

ከእነሱ አንዱ፣ ይግዛው የሚባለው፣ ቆዳ በሰምና በሞራ ለቅልቆ ውሃ የማያስገባ ስልቻ ሠራ። ብልህ ነበር፣ አይካድም። ግን ከሁሉ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ጨዉን በውድ መሸጥ አማረውና መላውን በሆዱ ያዘው። ገበታ ቀርቦ ዝም ማለቱን ደግሞ ፈራ። ስለዚህ ከዛፍ ሥር ለብቻው ሆኖ በሶውን ይበጠብጥ ጀመር።

«ይግዛው፣ ቅረብ እንጂ!» አሉት የነጋዴዎቹ መሪ አያ ጥሩነህ።

«ሆዴን ቆርጦኛል አያ፤ እናንተ ብሉ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ? ያገኘኸው ነገር ካለ ንገረን። የአገርህ ልጆች አይደለንም?»

«ምን አገኛለሁ ብለው ነው!»

በአራተኛው ቀን ማለዳ ስልቾቹን በአንዲት አህያ ጭኖ ነጋዴዎቹን ጥሏቸው ሄደ። ጨው በአናቱ የሚሸከምለት ሰው አያስፈልገውማ! ነጋዴዎቹ ከገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ስልቾቹን በገመድ አስሮ እየገፋ ከወንዙ መሐል አዩት። ጮኹ፤ ድምፃቸው ከታች አልደረሰም። የወረወሩት ድንጋይ ገደሉ ላይ ቀረ። ይግዛው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ዳሩ ዞረ፤ ሰው የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ ውሃው ደፈረሰ።

ወርደው ሲደርሱ አህያዋ ተሻግራ ከማዶ ቆማለች፤ ስልቾቹ በወዲህኛው ዳር ከሾላ ሥር ተጠልፈዋል። ይግዛው የለም። የሚቀበር አካል እንኳ አልተገኘም። አያ ጥሩነህ አንዱን ስልቻ ፈቱት። አሞሌው ደረቅ ነው፤ ጠርዙ እንኳ አልሟሟም።

«ይኸንን መላ ቢነግረን ኖሮ ለዳሞት ሁሉ ባለፈለት፤ እሱንም ከዳር ሆነን በጠበቅነው» አለ አንዱ እያለቀሰ።

አያ ጥሩነህ ስልቻውን መልሰው አሰሩና ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉ።