በጌጤነህ ራስ ዙሪያ የቀረው ነጭ ቀለበት

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ የላም በረቱን ግን ለዛሬ ተዉት፤ የምንሄደው ደሴ፣ እንድሪስ ፎቶ ቤት ነው። እዚያ ዘርፌ የምትባል ሴት ሰኞ ጠዋት ገባችና አንድ ትንሽ ነገር ፈለገች። የታናሽ ወንድሟ የጌጤነህ ፊት በሐውልቱ ላይ እንዲቀረጽ ፈለገች፤ በቃ ይኸው ነው። ቅዳሜ አርባው ነው፤ ሐውልቱም ያን ቀን ይመረቃል። ጌጤነህ በመኪና አደጋ የሞተ ሹፌር ነበር፤ አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት።

እንድሪስ ፎቶውን ከስልኳ ተቀበለ፤ አሳደገው፤ ጥቁርና ነጭ አድርጎ አትሞ ሰጣት። እሷም ይዛው ወደ ድንጋይ ጠራቢው ወደ ጋሽ ተካበ ሄደች። ጋሽ ተካበ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና መልሰው ሰጧት።

«ይኼ አይቀረጽም፣ ልጄ።»

«ምነው ጋሽ ተካበ?»

«ራሱን የከበበው ነጭ ቀለበት ምንድን ነው? እኔ ያየሁትን ነው የምቀርጸው። በራሳቸው ዙሪያ እንዲህ ያለ ብርሃን የሚሣልላቸው ቅዱሳን ናቸው። ወንድምሽ ቅዱስ ነበር?»

«ኧረ ሹፌር ነበር» አለች ዘርፌ፤ እንባዋ መጣ።

«እንግዲያው አስወርጂለት። ድንጋይ ላይ የገባ አይፋቅም።»

ድንጋዩ ቀለበቱ ካልወረደ አልቀረጽም አለ። ዘርፌ ወደ እንድሪስ ተመለሰች። እንድሪስ ቀለበቱን በዚህ በኩል ሲያብሰው ጸጉሩ አብሮ ሄደ፤ በዚያ በኩል ሲያብሰው ጆሮው ደበዘዘ።

«አይወርድም፣ እትዬ ዘርፌ። ቀለበቱን ያመጣው ሰማዩ ነው። የለበሰው ነጭ ጋቢ እንዲለይ ሰማያዊውን ሳጠቁረው፣ ከጸጉሩ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ይተዋል።»

«ታዲያ ሰማዩን ልቀቀዋ!»

ለቀቀው። ሰማዩ ነጣ፤ ነጩ ጋቢ በነጩ ሰማይ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ ጌጤነህ ትከሻ የሌለው ራስ ብቻ ሆኖ ቀረ። ዘርፌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«መልሰው፣ መልሰው! እንዲህስ አልየው።»

ድንጋዩ ቀለበቱ ካልወረደ አልቀረጽም አለ፤ ቀለበቱ ሰማዩ ካልፈካ አልወርድም አለ፤ ሰማዩ ጋቢው ካልተለየ አልፈካም አለ። እንድሪስም ማክሰኞን ሙሉ ከጋቢው ጋር ሲታገል ዋለ። ማታ ሊዘጋ ሲል ዘርፌን ወደ ስክሪኑ ጠራት።

«ቀረብ ብለው ይዩ። ጋቢው የሚለይበት ጠርዝ የለውም።»

አጎላላት። ጋቢው ጋቢ አይመስልም፤ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ይመስል ካሬ በካሬ ሆኗል።

«ፎቶው ተጎድቷል። ከስልክ ወደ ስልክ ሲላክ ተጨምቋል። በዚያ ላይ የሆነ ሰው ጎኑን ቆርጦ ጥሎታል። የቀረችውን ቁራጭ ስለጥጣት ነው ካሬው የሚወጣው። ይቺ ትከሻው ላይ ያለች ጠቃጠቆ እንኳ ምን እንደሆነች አልገባኝም። ላጥፋት ይሆን?»

ዘርፌ ጠቃጠቆዋን አየች። ምን እንደሆነች ታውቃለች። ጎኑን የቆረጠችው እሷ ራሷ ናት፤ በገዛ ጣቷ፣ በሰልስቱ ማግስት።

«ዋናውን ያምጡልኝ» አለ እንድሪስ። «በአላህ፣ ሌላ መላ የለውም።»

ዋናው ፎቶ ያለው በጌጤነህ ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩ ሳጥን ውስጥ ነው። የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ በሚስቱ በፈትለ አንገት ላይ ነው። ዘርፌ መሄዱን አልደፈረችምና ጎረቤቷን ላከች። ጎረቤቷ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ራሷ ትምጣ አለች። የተናገረችኝን ታንሣልኝ አለች።»

ዘርፌ የተናገረችውን አልረሳችም። በሰልስቱ ዕለት፣ ድንኳኑ በለቀስተኛ እንደተሞላ፣ ተነሥታ «አሞት እያየሽ መኪና ያስያዝሽው አንቺ ነሽ!» ብላታለች። ያልሰማ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ድንጋዩ ቀለበቱ ካልወረደ አልቀረጽም አለ፤ ቀለበቱ ሰማዩ ካልፈካ አልወርድም አለ፤ ሰማዩ ጋቢው ካልተለየ አልፈካም አለ፤ ጋቢው ካሬው ካልጠፋ አልለይም አለ፤ ካሬው ዋናው ፎቶ ካልመጣ አልጠፋም አለ፤ ፎቶው ሳጥኑ ካልተከፈተ አልመጣም አለ፤ ሳጥኑ ፈትለ ካልታረቀች አልከፈትም አለ፤ ፈትለም ያ ቃል ካልተነሣልኝ አልታረቅም አለች። ቃሉስ? ቃሉ እውነቱ ካልወጣ አልነሣም አለ። እውነቱ ደግሞ ከዘርፌ ጉሮሮ አልፎ አያውቅም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ቤቷን ጠረገች፤ የጠረገችውን መልሳ ጠረገች።

ሐሙስ ሄደች። ፈትለ ከነጥቁር ልብሷ በር ላይ ቆማ ተቀበለቻት።

«እንደምን ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ።»

ተቀመጡ። ዘርፌ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

«ፈትለ፣ በሞተበት ቀን የወጣው ለእኔ ነው። ጤፌን ከኮምቦልቻ አምጣልኝ ብዬ የደወልኩለት እኔ ነኝ። ሲያስል እሰማው ነበር። ነገ ባመጣውስ አለኝ። ዛሬ አልኩት። ራሴን መክሰስ ቢያቅተኝ ነው አንቺን የከሰስኩሽ። ማሪኝ፣ እህቴ።»

ፈትለ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ያዘች።

«አውቃለሁ። ስትደውዪለት አጠገቡ ነበርኩ።»

«ታውቂ ነበር? ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ወንድምሽ ሞቶብሽ ነበራ። አንቺው እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁሽ።»

ያን ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ፤ ለጌጤነህ አብረው ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ፈትለ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች።

እውነቱ ወጣ፤ ቃሉ ተነሣ፤ ፈትለ ታረቀች፤ ሳጥኑ ተከፈተ፤ ዋናው ፎቶ መጣ። ሁለቱ ሴቶች ስልኩን ይዘው ተያይዘው እንድሪስ ዘንድ ሄዱ። ካሬው ጠፋ፤ ጋቢው ተለየ፤ ሰማዩ ፈካ፤ ቀለበቱ ከጌጤነህ ራስ ላይ ወረደ። ፊቱ ጠርቶ ወጣ፤ በግራ ቅንድቡ ላይ ያለችው የልጅነት ጠባሳ እንኳ ታየች። አጠገቡ ፈትለ ቆማለች፤ እጇ ትከሻው ላይ ነው።

«ድንጋዩ ከአንድ ሰው በላይ አይዝም» አለ እንድሪስ። «ጎኑን መቁረጤ ነው። ጠቃጠቆዋ ለካ ጣቶች ኖረዋል! አሁን ላጥፋቸው?»

ዘርፌ ማውዙን የያዘውን እጁን ያዘችው።

«እንዳትነካቸው። ሌላውን እኔ ቆርጫለሁ፤ እሱ ይበቃል።»

ጋሽ ተካበ ፎቶውን አዩ፤ «ይኼ ይቀረጻል» አሉ፤ ቀረጹት።

ቅዳሜ ሐውልቱ ሲገለጥ በጌጤነህ ራስ ዙሪያ ቀለበት አልነበረም፤ ትከሻው ላይ ግን አራት ጣቶች ነበሩ። ያ በሰልስቱ የነበረ ለቀስተኛ ሁሉ ዛሬም አለ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ድንጋዩን በእጃቸው ዳሰሱ።

«እነዚህ ጣቶች የማን ናቸው?»

ዘርፌ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«የሚስቱ ናቸው፣ እማማ። የበደልኳት እኔ ነኝ፤ እሷ እስከ መጨረሻው ይዛዋለች።»

ተረቴን መልሱ አልላችሁም፤ ድንጋይ ላይ ገብቷል።