የበረኛው ደብተር

አቤኔዘር የሶፍትዌር ሠራተኛ ነው። ኮምፒውተሩ የተሳሳተ የመሰለውን ቃል በቀይ ሲያሰምርበት፣ አቤኔዘር ቃሉ ትክክል ነው ካለ በራሱ ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀዩ መስመር አይመጣም። ባልደረቦቹም እንዲሁ ያደርጋሉ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ማሽን። አሁን ግን ዝርዝሩ የጋራ ይሁን፣ ከሥራው ፋይሎች ጋር አብሮ ይቀመጥ፣ አዲስ ቃልም ባልደረቦች ሳያዩት አይግባ ተባለና ከፋው። ጡረታ የወጡትን የቀድሞ አለቃውን ጋሽ ምትኩን፣ «የራሴን ቃላት እኔው አውቃቸው የለ? ለእያንዳንዷ ቃል ሰው ማማከር ምን ይሉታል?» ሲል ጠየቃቸው። ጋሽ ምትኩ ደግሞ ያለ ምሳሌ መመለስ አይሆንላቸውም። እንዲህ አሉት።

አንድ ባለጸጋ ነበረ። የአገሩ ሰው ለዘር የሚያስቀምጠውን እህል በእሱ ጎተራ ያኖር ነበር። ግቢው ሦስት በር፣ ሦስት በረኛ ነበረው። የማያውቁት ሰው እህል ጭኖ ሲመጣ በረኞቹ ቃጭል ይመታሉ፤ ባለጸጋው ወጥቶ ጆንያውን ያስፈታና ዘግኖ ያያል። የታወቀ ሰው ሳይፈተሽ ያልፋል። የታወቁትን ስም ግን እያንዳንዱ በረኛ በየራሱ ደብተር ነበር የሚጽፈው።

የታችኛው በር በረኛ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር፤ ቃጭሉ ግን አሰለቸው። በላይኛው በር ሰላም ተብሎ የሚገባ ገበሬ በእሱ በር ሲመጣ ስሙ የለምና ቃጭል ይመታበታል። ገበሬው ይቆጣል፤ ባለጸጋውም ከምሳው ተነሥቶ ይመጣና «ለዚህ ነው የጠራኸኝ?» ይለዋል። በመጨረሻ ዘዴ አገኘ፤ ሁለት ጊዜ ያየውን ሰው ሁሉ ደብተሩ ላይ ያሰፍረው ጀመር። በሩ ጸጥ አለ። እሱም ምስኪን፣ ጸጥታውን እንደ ጥሩ ጥበቃ ቆጠረው።

ሊዘራ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጎተራው ተከፈተ። ዘሩን ነቀዝ በልቶታል፤ ግማሹ ዱቄት ሆኗል። ምንጩ ሲፈለግ የአንድ ነጋዴ ጆንያ ሆኖ ተገኘ። ባለጸጋው ሦስቱን ጠርቶ «ይህን ሰው ማን አሳለፈው?» አለ። የላይኛው በረኛ፣ «እኔማ ካቻምና ነቀዙን አይቼ መልሼዋለሁ» አለ። የታችኛውም በእኔ በር አልገባም ብሎ ማለ። መዋሸቱ አልነበረም፤ ከልቡ ያምን ነበር። ደብተሩን ሊያመጣ ወደ በሩ ሄዶ ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ የነጋዴውን ስም አገኘው፤ በራሱ እጅ፣ በጥድፊያ የተጻፈ።

ገጹን ቢቀድደው ማን ያውቃል? ከእሱ በቀር ደብተሩን ያነበበ የለም። ያስለቀሰውም ይኸው ነበር፤ አንድ ሰው አይቶት ቢሆን ነጋዴው ባልገባ። ግን አልቀደደውም። ተመልሶ በባለጸጋው ፊት ቆመና ስሞቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጮክ ብሎ አነበበ፤ የነጋዴውንም ስም አልዘለለም። ከዚያ ወደ ላይኛው በረኛ ዞሮ፣ «ያን ጊዜ ምነው ብትነግረኝ?» አለው።

«አንተስ ደብተርህን መቼ አሳየኸኝ?»

ባለጸጋው አላባረረውም። ሦስቱ ደብተሮች ወደ አንድ መዝገብ ተገለበጡ፣ ቅጂው በየበሩ ተሰቀለ፤ ሦስቱ ሳይሰሙት አንድም ስም እንዳይጨመር ተባለ። የዚያን ክረምት ግን የአገሩ ግማሽ እርሻ ጦሙን አደረ።

ጋሽ ምትኩ ይህን ብለው ወደ አቤኔዘር ዞሩ። «በረኛው አንተ ነህ፤ ደብተሩ ማሽንህ ላይ ያለው ዝርዝር፣ ቃጭሉም ቀዩ መስመር ነው። ባልደረቦችህ ካንተ የበለጠ አያውቁ ይሆናል። ግን ሰልችቶህ ያስገባኸውን ያዩልሃል፤ አንተ የምታውቀውን ቃል ሲጽፉም ቃጭሉ በከንቱ አይጮኽባቸውም።»

አቤኔዘር ሊከራከር አፉን ከፈተ።

«ቆይ እስቲ» አሉት። «ዝርዝርህን አውጣና ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

ላፕቶፑን ከፈተ። አንድ ቃል አነበበ፤ ሁለተኛውንም አነበበ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቃሉ የተሳሳተ መሆኑን አየ፤ ፊቱ ቀላና ላፕቶፑን ሊከድነው ጀመረ።

«በል ቀጥል» አሉት ጋሽ ምትኩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በረኛውም እያፈረ ነው ያነበበው።»