እጅ የማይለውጠው ማማሰያ

በአንድ ወቅት፣ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ትልቅ የመዳብ ድስት የተሰቀለበት ቤት ነበር። የቤቱ እመቤት እትዬ ካርሜላ ይባላሉ። አባታቸው ከጣልያን አገር መጥቶ እዚያው ድሬ የቀረ ጣፋጭ ሠሪ፣ እናታቸው የአገር ልጅ። ሰውዬው ዳቦ ላይ የሚቀባው የአገሩ ክሬማ ሲያምረው፣ የአገሩን የጫካ ለውዝ ከየት ያምጣ? የባቢሌን ኦቾሎኒ ቆላ፣ ከካካዎና ከስኳር ጋር ፈጨ፣ ቀመሰ። ከዚያ ወዲያ የአገሩን ለውዝ ስም አንስቶ አያውቅም ይባላል። ልቡ ግን ያለው ትርንጎው ላይ ነበር። ግቢው ውስጥ ከተከላት አንዲት ዛፍ ትርንጎ እየቀጠፈ፣ ያንን ወፍራም ልጣጭ ከትፎ በመዳቡ ድስት ማርማላታ ይሠራል። ወርቅ የመሰለ፣ መጀመሪያ ጣፍጦ መጨረሻ ላይ መረር የሚል፣ ሰው በልቶት ዝም የሚያሰኝ ነገር!

እትዬ ካርሜላ ሙያውን ወረሱ። ነገረኛነቱን ከየት እንዳመጡት ግን እንጃ። የጎረቤት ማርማላታ ሲቀምሱ «ደህና ነው፣ ለሳል ይሆናል» ብለው ማንኪያውን ያስቀምጡ ነበር። ሰው ይቀየማል፣ ተመልሶ ደግሞ ከሳቸው ይገዛል።

የዚያ ቤት ሕግ አንድ ነው። ማማሰያ የጨበጠ እጅ ማርማላታው እስኪረጋ አይለቅም፣ ለሌላ ሰውም አያቀብልም። ሁለት እጅ የነካው ማርማላታ አሸዋ አሸዋ ይላል ይል ነበር አባታቸው። እትዬ ካርሜላ ሁለተኛ ልጃቸውን ሊወልዱ ምጥ ሲይዛቸው ማማሰያ ላይ ነበሩ። አዋላጇ ትጮሃለች፣ እሳቸው ወገባቸውን ይዘው ያማስላሉ። ከረጋላቸው በኋላ ነው ሄደው የተኙት። ያን ቀን የተወለደችው ቴክላ ናት። ይህን ታሪክ እየሰማች አደገች፣ ከዚያ ድስት ሌላ የተመኘችው ነገርም የለም።

ከቴክላ በላይ ባጃጅ የሚነዳው ዲኖ አለ። ከቴክላ በታች ደግሞ አስካለ፣ እናቷ ሳይናገሩ የሚፈልጉትን የምታውቅ።

እንግዲህ እትዬ ካርሜላ ታመሙ። ምግብ ከጉሮሯቸው አልወርድ አለ፣ ስኳሩም ጨውም አንድ ሆነባቸው። አንድ ጠዋት ሦስቱንም አልጋቸው ዙሪያ አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«አባቴ የሚሠራውን ትርንጎ አንዴ ብቀምስ ይበቃኛል። ድስቷም ላቀመሰኝ ልጅ ናት።»

ነገሩ ቀላል ይመስላል። የግቢዋ ዛፍ ግን ከደረቀች ሦስት ዓመቷ፣ ከድሮውም ማርማላታ አንድ ብልቃጥ አልተረፈም።

ዲኖ ተነሳ። ከኤረር ወዲያ በአንድ የድሮ አትክልት ቦታ ትርንጎ አለ ሲባል ሰምቶ ነበር። ለከተማ አስፋልት የተሠራችውን ባጃጅ በዚያ ጠጠር መንገድ ይዟት ሄደ። ሁለት ቀን ፈለገ፣ አራት ፍሬ አገኘ። ሲመለስ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀው። የወንዝ ዳር ሰው ውሃው እስኪጎድል ተቀመጥ ቢለው እናቱ ናቸው የታዩት፣ ገባበት። ባጃጇን ጎርፉ ወሰዳት። እሱ ትርንጎዎቹን በሸሚዙ አስሮ፣ በጥርሱ ነክሶ ወጣ። ለቴክላ አስረከባትና «በይ እንግዲህ» ብሏት ተመለሰ፣ እንጀራ የሚበላባት ባጃጅ አሸዋ ውስጥ ተቀብራ እንደሆነ ሊፈልግ።

ቴክላ ልጣጩን ከተፈች፣ ዘፈዘፈች፣ ምሬቱ እንዲቀንስ ውሃውን ሦስት ጊዜ ለወጠች። በማግስቱ ጠዋት ድስቱን ከግድግዳ አውርዳ ጣደች። ስኳሩ መያዝ ሲጀምር ሽታው ቤቱን ሞላው፣ በኮሪደሩ አልፎ የእናቷ መኝታ ቤት ገባ። እንዲህ ያለ ሽታ በዚያ ቤት ሦስት ዓመት አልሸተተም። ቴክላ ቀና ብላ ሳቅ አለች። እጇ አያቷ እናቷን እንዳሳያቸው፣ እናቷም እሷን እንዳሳዩዋት ይዞራል።

ያኔ ነው እናቷ የጠሯት።

«ቴክላ።»

«መጣሁ እማዬ፣ ሊረጋ ነው» አለች።

ትንሽ ቆይተው ደገሙ። አሁን ድምፃቸው ቀጠነ። አስካለ ወደ ኩሽናው መጣች፣ ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«ቴክላዬ፣ አንቺን ነው የምትለው። ማማሰያውን ስጪኝና ሂጂ።»

ቴክላ እጇን አየች። ድስቱን አየች። ለእናቷ የመጨረሻውን ማርማላታ አሸዋ አድርጋ ልታቀምሳቸው ነው? በምጥ ያልለቀቁትን እሷ ልትለቀው?

«አላቀብልም» አለች። «ሩብ ሰዓት ብቻ እማዬን ያዢልኝ።»

ሦስተኛው ጥሪ መጣ። ቴክላ ሰማችው። እንባዋን በክንዷ እየጠረገች አማሰለች።

አስካለ ሩብ ሰዓት እንደሌለ ገብቷታል። ከድስቱ ጨልፋ እንዳትወስድ የሚፈላ ስኳር ነው፣ ለታመመ ከንፈር አይሆንም። መደርደሪያው ላይ የኦቾሎኒ ክሬማ ብልቃጥ ነበር። በማንኪያ ጫፍ ወሰደች፣ የእናቷን ራስ ቀና አደረገች፣ ከንፈራቸው ላይ ቀባችላቸው። ከዚያም በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቀው ልጅ ዋሸች።

«እማዬ፣ ትርንጎው ደረሰልሽ።»

እትዬ ካርሜላ በዝግታ ላሱት። ዓይናቸው እንደተከደነ ነው። ክፍሉን የሞላው የትርንጎ ሽታ ነው፣ ምላሳቸው ላይ ያለው ኦቾሎኒ።

«አላቃጠለችውም» አሉ። «ማማሰያውን አልለቀቀችም ማለት ነው።»

ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ይህን የሰማች አስካለ ብቻ ናት።

ቴክላ የረጋውን ማርማላታ በሳህን አድርጋ፣ እፍ እፍ እያለች፣ በኮሪደሩ በሩጫ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ አስካለ የእናታቸውን አገጭ በነጠላዋ ጫፍ እያሰረች ነበር። ቴክላ ሳህኑን የምታስቀምጥበት ጠፍቶባት ብዙ ቆመች።

አርባቸው ወጣ። እንግዳው ሲሄድ ሦስቱ ልጆች ኩሽና ገቡ። ድስቱ ወለሉ ላይ ተደፍቷል፣ ግድግዳው ላይ የነበረበት ቦታ ክብ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል።

ዲኖ ቀድሞ ተናገረ። እኔ ባልሄድ ሽታውም አይኖርም፣ ማርማላታውም አይኖርም አለ። እንጀራዬን ለወንዝ ሰጥቼ ነው ያመጣሁት፣ ስትሞት አጠገቧ ያልነበርኩትም በሷው ጉዳይ ነው፣ ድስቷ የኔ ናት።

«ወንድም ጋሼ፣ ያመጣኸውን አልቀመሰችውም እኮ» አለች አስካለ። እማዬ ላቀመሰኝ ነው ያለችው፣ ከአፏ የደረሰው ማንኪያ የኔ ነው፣ ቀምሻለሁ ብላም ነው የሄደችው ስትል ተከራከረች።

«ኦቾሎኒ ነዋ!» አለ ዲኖ።

«ለሷ ትርንጎ ነበር።»

«ደግሞ ያለችውን የሰማሽው አንቺ ብቻ። አንዴ የዋሸሽው ሁለተኛ አትዋሺም?»

አስካለ ከንፈሯን ነከሰች። ብዋሽ ኖሮ የኔን ስም አስጠራት ነበር እንጂ የቴክላን ሙያ ለምን አስመሰግን ነበር አለች።

ቴክላ ያን ቀን ያወጣቻቸው አምስት ብልቃጥ ማርማላታዎች መደርደሪያው ላይ ናቸው። አንዱም አልተከፈተም። በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ሲያገኛቸው ያበራሉ፣ አሸዋ የሚባል ነገር የለባቸውም።

«ሦስቴ ጠራችኝ» አለች ቴክላ። «ሰምቻታለሁ። የኔ እናት ምን ልትለኝ እንደነበር እስክሞት አላውቅም። ለዚች ድስት ብዬ ነው ያልሄድኩት፣ አሁን ደግሞ ድስቷንም ተነጥቄ ምን ይዤ ልቅር?»

ጎረቤቱ እስከዛሬ አልተስማማም። የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር ለሁለት ተከፍሏል፣ አንዷ ነገሩን ባነሳች ቁጥር ሻይ ይቀዘቅዛል። ዲኖ ትርንጎውን ከወንዙ አፍ ነጥቆ አመጣው። ቴክላ እናቷ እየጠሯት ሳትለቅ አደረሰችው፣ ሽታውን አልጋቸው ድረስ የላከችው እሷ ናት። አስካለ ባዶ አፍ ይዘው እንዳይሄዱ ባላት ነገር ደረሰችላቸው።

ድስቱ እዚያው እንደተደፋ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ ማን አንስቶ ይስቀለው?